አርቱር ፍሪደንራይሽ፤ የብራዚል የኳስ ነብር

የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መታሰቢያ በሆነው በዚህ መጽሔት ላይ ስለ አንድ ታላቅ ሰው ሕይወት እንድንጽፍ በታዘዝን ጊዜ፣ ከክፍል ጓደኞቻችን ብዙዎቹ ነገሥታትን፣ የጦር መሪዎችንና የሳይንስ ሊቃውንትን መረጡ። እኛ ግን ኳስ ተጫዋች መረጥን። ምርጫችንን የሰሙ ጓደኞቻችን መሣቃቸው አልቀረም። ኳስ ጨዋታ ነው፤ ጨዋታ ደግሞ ደወል እስኪደወል ነው የሚሉም ነበሩ። እኛ ግን የዚህን ሰው ታሪክ መርምረን ስናየው፣ ነገሩ የጨዋታ ብቻ ሆኖ አላገኘነውም። አንድ ሰው በሥራው እየተወደደ በመልኩ ሲናቅ ምን ያህል ሊታገሥ እንደሚችል፣ ደግሞም የሠራው ሥራ በሚገባ ካልተጻፈለት እንዴት እንደሚጠፋ የሚያስተምር ሆኖ አገኘነው። ስለዚህ ወላጆቻችን፣ መምህራኖቻችንና ታናናሾቻችን ተማሪዎች በትዕግሥት እንዲያነቡልን እንለምናለን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኘው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑንም አስቀድመን እናስታውቃለን።

አርቱር ፍሪደንራይሽ በ1892 ዓ.ም. ሐምሌ 18 ቀን በብራዚል አገር፣ ሳኦ ፓውሎ በተባለችው ከተማ ተወለደ። እንደሚነገረው፣ የተወለደበት ቤት ይገኝ የነበረው የድል ጎዳናና የአሸናፊነት ጎዳና የሚል ስም ያላቸው ሁለት መንገዶች በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ነው። አባቱ ኦስካር ከጀርመን አገር ፈልሰው ከመጡ ሰዎች የተወለደ ነጋዴ ነበር። እናቱ ማቲልዴ ግን በባርነት ከኖሩት ጥቁር ሕዝቦች ወገን የሆነች፣ ልብስ በማጠብ የምትተዳደር ሴት ነበረች። በብራዚል ባርነት በሕግ የተሻረው በ1888 ዓ.ም. ግንቦት 13 ቀን ስለሆነ፣ ልጁ ሲወለድ ከዚያ አዋጅ ገና አራት ዓመት ማለፉ ነበር። አዋጅ በአንድ ቀን ይነበባል፤ የሰው ልብ ግን በአንድ ቀን አይለወጥም። ሕፃኑ ከአባቱ አረንጓዴ ዓይን፣ ከእናቱም ጠይም መልክና ከርዳዳ ጠጉር ወረሰ። ከነዚህ ከሁለቱ ወገኖች መካከል ቆሞ መኖርም የዕድሜ ልክ ዕጣው ሆነ።

በዚያን ዘመን የእግር ኳስ ለብራዚል እንግዳ ነገር ነበር። ቻርልስ ሚለር የሚባል፣ በእንግሊዝ አገር የተማረ የሳኦ ፓውሎ ተወላጅ በ1894 ዓ.ም. ወደ አገሩ ሲመለስ ኳሶችና የጨዋታውን ደንብ ይዞ ስለ መጣ፣ የብራዚል እግር ኳስ አባት እየተባለ ይጠራል። ጨዋታውን በመጀመሪያ የያዙት እንግሊዞች፣ ጀርመኖችና የሀብታም ልጆች ነበሩ። ክለቦቹ የጨዋ ሰዎች ማኅበር ስለ ነበሩ ጥቁር ወይም ድኻ በአባልነት ለመግባት ፈጽሞ አይቻለውም ነበር ማለት ይቻላል። ትንሹ አርቱር ግን ከሠፈሩ ልጆች ጋር በመንገድ ላይ የከብት ፊኛ እየነፋ ይጫወት ነበር። እኛም ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቀን ኳስ ስንሠራ ስላደግን፣ ይህን ባነበብን ጊዜ ልጁን ከሩቅ አገር ሰው ይልቅ እንደ ጎረቤታችን ልጅ አድርገን ቆጠርነው።

የክለብ በር የተከፈተለት በአባቱ ስም ነው። በ1909 ዓ.ም. ዕድሜው 17 ሲሆን፣ ጀርመኖች ባቋቋሙት በጀርማኒያ ክለብ ውስጥ ገባ። የእናቱን ስም ብቻ ይዞ ቢመጣ ኖሮ በዚያ በር ማለፉን እንጠራጠራለን። ከዚያም ወደ ሌሎች ክለቦች ተዛውሮ ሲጫወት፣ የአሜሪካ ሚስዮናውያን ላቋቋሙት ለማኬንዚ ትምህርት ቤት ቡድንም ተሰለፈ። እኛ ራሳችን የሚስዮን ትምህርት ቤት ልጆች ስለሆንን ይህ ነገር ደስ አሰኝቶናል። በ1912 ዓ.ም. በሳኦ ፓውሎ ውድድር ብዙ ግብ በማግባት አንደኛ ሆነ፤ በዚያን ጊዜ ገና የ20 ዓመት ወጣት ነበር።

ስለ አጨዋወቱ የሚተርኩት ሁሉ በአንድ ነገር ይስማማሉ። ቁመቱ ረዥም፣ ሰውነቱም ቀጭን ነበር። ከእንግሊዞች የተወረሰው ጨዋታ ቀጥ ብሎ መሮጥና በትከሻ መጋፋት የበዛበት ሲሆን፣ እርሱ ግን ወገቡን በማወዛወዝ ተከላካዩን አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ፣ አንድ ጊዜ ወደ ግራ እያሳተ ያልፍ ነበር። ኳሱን ወደ ግብ ሲመታም እንዲጎብጥ አድርጎ መምታት ያውቅበት ነበር። ይህን ያስተማረው አሠልጣኝ የለም፤ ጠባብ መንገድና ብዙ ልጅ ያለበት ሠፈር ነው ያስተማረው። ዛሬ ዓለም የብራዚል አጨዋወት ብሎ የሚያደንቀው ነገር ሥሩ ከዚህ እንደሚጀምር ብዙ ጸሐፊዎች ይመሰክራሉ።

በ1914 ዓ.ም. ሐምሌ 21 ቀን የብራዚል ብሔራዊ ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰለፈ። ባላጋራው ኤክሰተር ሲቲ የተባለ፣ ደመወዝ የሚከፈላቸው ተጫዋቾች ያሉበት የእንግሊዝ ክለብ ነበር። ብራዚሎች 2 ለ 0 አሸነፉ። ፍሪደንራይሽ ከዚያ ግጥሚያ የወጣው ሁለት ጥርስ ጎድሎት ነው። አፉ እየደማ ወደ ሜዳው ተመልሶ ጨዋታውን እንደ ፈጸመ ይነገራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንጠቅስ ለማለፍ ኅሊናችን አልፈቀደልንም። ማሪዮ ፊሊዮ የተባለው ብራዚላዊ ጋዜጠኛ፣ በአገሩ እግር ኳስ ውስጥ ጥቁሮች ስለ ነበራቸው ስፍራ በ1947 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ተረከው፣ ፍሪደንራይሽ ወደ ሜዳ የሚገባው ሁልጊዜ ከሰው ሁሉ በኋላ ነበር። ምክንያቱም ጠጉሩ ነው። ከርዳዳው ጠጉሩ እንዲተኛለት ቅባት እየቀባ፣ በራሱም ላይ ትኩስ ፎጣ እየጠመጠመ፣ ቀጥ እስኪልለት ድረስ በመስታወት ፊት ይቆይ ነበር። ጓደኞቹ ሜዳ ላይ ቆመው፣ ዳኛው ሰዓቱን እያየ፣ በአገሩ ላይ ወደር ያልተገኘለት ተጫዋች ከገዛ ጠጉሩ ጋር ይታገል ነበር። ይህን ስናነብ መጀመሪያ ሣቅን። ሁለተኛ ጊዜ ስናነበው ግን ሣቃችን ጠፋ። ከተከላካዮች አንዱንም የማይፈራ ሰው፣ የእናቱን ልጅነት ሰው እንዳያይበት መፍራቱን አስተዋልን። እርሱን ለመውቀስ አንደፍርም፤ እንዲህ እንዲፈራ ያደረገው በዙሪያው የነበረው ሕዝብ ነውና።

ስሙ ከአገሩ አልፎ የተሰማው በ1919 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የደቡብ አሜሪካ ሻምፒዮና በሪዮ ዴ ጃኔሮ ከተማ ተደረገ። ኡራጓይ ከዚያ በፊት የተደረጉትን የ1916ንና የ1917ን ዋንጫዎች የወሰደች ብርቱ ባላጋራ ነበረች። ብራዚል ቺሌን 6 ለ 0፣ አርጀንቲናን 3 ለ 1 አሸነፈች፤ በቺሌ ላይ ከገቡት ስድስት ግቦች ሦስቱ የፍሪደንራይሽ ነበሩ። ከኡራጓይ ጋር ግን 2 ለ 2 ስለ ተለያዩና በነጥብም እኩል ስለሆኑ፣ ግንቦት 29 ቀን እንደ ገና እንዲጋጠሙ ሆነ።

የዚያን ቀን ግጥሚያ 90 ደቂቃ ሙሉ ግብ ሳይገባበት አለቀ። 30 ደቂቃ ቢጨመርም እንዲሁ ባዶ ለባዶ ሆነ። በዚያን ጊዜ በቅጣት ምት መለያየት የሚባል ነገር ስላልነበረ ሌላ 30 ደቂቃ ተጨመረ። ተጫዋቾቹ በድካም እግራቸው እየተሳሰረ ሳለ፣ በ122ኛው ደቂቃ ኔኮ ኳሱን አሻገረ፤ ኤይቶር መታው፤ የኡራጓይ በረኛ መለሰው፤ የተመለሰውን ኳስ ፍሪደንራይሽ አግኝቶ ከግብ አገባው። ቀሪው 28 ደቂቃ ያለ ግብ አለፈና ብራዚል የመጀመሪያውን ታላቅ ዋንጫዋን ወሰደች። በጠቅላላው 150 ደቂቃ መጫወታቸውን ስንሰማ፣ በሁለተኛው አጋማሽ ውኃ ውኃ የምንል እኛ አፈርን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ደስታ ለመግለጽ ያስቸግራል። ያቺን ግብ ያገባበት ታኬታ በሪዮ ዴ ጃኔሮ በአንድ የወርቅና የአልማዝ መሸጫ መስኮት ውስጥ እንደ ዕንቁ ተቀምጦ ለሕዝብ ታየ። ፒሺንጊኛ የተባለው ዝነኛ የሙዚቃ ሰው ለዚያ ድል መታሰቢያ አንድ ለዜሮ የሚል ርእስ ያለው ዜማ ደረሰ። የተሸነፉት ኡራጓዮች ደግሞ በአጨዋወቱ ተደንቀው ነብር የሚል ስም አወጡለት። ከባላጋራ አፍ የሚወጣ ምስጋና ከወዳጅ ምስጋና ይበልጣል እንላለን። ይሁን እንጂ የዚያ ሻምፒዮና ትዝታ ኀዘንም አለበት። ሮቤርቶ ቼሪ የተባለው የኡራጓይ በረኛ ከቺሌ ጋር ሲጋጠሙ ግቡን ሲከላከል ተጎድቶ ነበርና፣ ከመጨረሻው ግጥሚያ በማግሥቱ በ23 ዓመቱ እዚያው በሪዮ ዴ ጃኔሮ ሞተ። ብራዚሎችና አርጀንቲናዎች በስሙ ልዩ ግጥሚያ አድርገው አስታወሱት።

ጠይም ሰው በሰጣት ዋንጫ አገሪቱ እንዲህ ስትደሰት፣ ከእንግዲህ የመልክ ነገር ተረሳ ያለ ሰው ቢኖር ተሳስቷል። በ1921 ዓ.ም. ሻምፒዮናው በአርጀንቲና ሲደረግ፣ ፕሬዚዳንት ኤፒታሲዮ ፔሶዋ የአገራቸው ክብር በውጭ እንዳይነካ ብለው ጥቁር ተጫዋቾች ከቡድኑ ጋር እንዳይላኩ ማሳሰባቸው ይነገራል። የተላከው ቡድን ውስጥ ፍሪደንራይሽ አልነበረም። ዋንጫውንም አርጀንቲና ወሰደች። በሚከተለው ዓመት፣ በ1922፣ ሻምፒዮናው በሪዮ ዴ ጃኔሮ ሲደረግ እርሱ ወደ ብሔራዊ ቡድኑ ተመለሰ፤ ብራዚልም ሁለተኛውን ዋንጫ አገኘች። እኛ ይህን ስናስብ የምንገረመው፣ እርሱ ተቀይሞ መቅረት ሲችል በተጠራ ጊዜ ታኬታውን አጥልቆ መምጣቱ ነው።

አሁን ወደ አውሮፓ ጉዞው እንመለስ። ፍሪደንራይሽ የሚጫወተው ፓውሊስታኖ ለሚባለው የሳኦ ፓውሎ ክለብ ነበር። በ1925 ዓ.ም. የክለቡ ፕሬዚዳንት አንቶኒዮ ፕራዶ ጁኒዮር ተጫዋቾቹን በመርከብ አሳፍሮ ወደ አውሮፓ ወሰዳቸው። ከዚያ በፊት አንድም የብራዚል ክለብ ውቅያኖሱን ተሻግሮ በአውሮፓ አልተጫወተም። አውሮፓውያን ስለ ብራዚል የሚያውቁት ቡናዋን ነበር፤ ኳስ ይችላሉ ብሎ የጠረጠረ ሰው ጥቂት ነው። ነብሩም በዚያን ጊዜ ልጅ አልነበረም፤ ዕድሜው 32 ዓመት ሆኖት ነበር።

የመጀመሪያው ግጥሚያ መጋቢት 15 ቀን በፓሪስ ከተማ ከፈረንሳይ ምርጥ ቡድን ጋር ተደረገ። ፈረንሳዮች በቀላሉ እናሸንፋለን ብለው ሳይጠብቁ አልቀሩም፤ ነገር ግን ብራዚሎች 7 ለ 2 አሸነፏቸው። የፓሪስ ጋዜጦች እንግዶቹን የእግር ኳስ ነገሥታት ብለው ጻፉላቸው። ይህ ማዕረግ ለብራዚሎች ሲሰጥ የመጀመሪያው ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ በፈረንሳይ ከተሞች እየተዘዋወሩ ተጫወቱ፤ ወደ ስዊስ ተሻግረውም ሁለት ጊዜ አሸነፉ። በመጨረሻም በመመለሻቸው በፖርቱጋል 6 ለ 0 አሸንፈው ጉዞውን ፈጸሙ። በጠቅላላው 10 ግጥሚያ አድርገው ዘጠኙን ሲያሸንፉ፣ የተሸነፉት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ይኸውም ሰት በምትባል በደቡብ ፈረንሳይ የባሕር ወደብ ከተማ 1 ለ 0 ነው። 30 ግብ አግብተው 8 ብቻ ገባባቸው። ካገቡትም ግቦች ብዙዎቹ የፍሪደንራይሽ ነበሩ።

ይህ ጉዞ ለፍሪደንራይሽ ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ ይገባል። ከአራት ዓመት በፊት የርሱን መልክ የመሰሉ ሰዎች ወደ ውጭ ቢላኩ አገር ታፍራለች ተብሎ ነበር። አሁን ግን ያው መልክ በፓሪስ አደባባይ ታይቶ አገሩ ተከበረች። ሲመለሱ በሪዮ ዴ ጃኔሮና በሳኦ ፓውሎ እጅግ ብዙ ሕዝብ ወጥቶ በእልልታ ተቀበላቸው። ስድብን በቃል ከመመለስ በሥራ መመለስ እንደሚበልጥ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም።

ጉዞው ለሌሎችም መንገድ ከፈተ። ከርሱ ጋር አብሮ ከሄዱት አጥቂዎች አንዱ ፊሎ የተባለው ወጣት፣ በ1931 ዓ.ም. ወደ ኢጣሊያ ሄዶ ለሮማው ላዚዮ ክለብ ተጫወተ። እናቱ ከኢጣሊያ ዘር ስለ ነበረች ጉዋሪዚ በሚለው ስም ለኢጣሊያ ተሰልፎ፣ በ1934 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫን ካገኙት አንዱ ሆነ። በብራዚል ተወልዶ የዓለም ሻምፒዮን ለመሆን የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው። ዛሬ በስፔን፣ በኢጣሊያ፣ በእንግሊዝና በጀርመን ክለቦች ውስጥ የብራዚል አጥቂ ማየት የተለመደ ነገር ነው። ያ ሁሉ ሰው የሚሄድበትን መንገድ በመጀመሪያ የጠረገው በ1925 ዓ.ም. በመርከብ የሄደው ቡድን መሆኑን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው።

የዓለም ዋንጫ በ1930 ዓ.ም. በኡራጓይ ሲጀመር ፍሪደንራይሽ ሊሄድ ይገባው ነበር። ዳሩ ግን የሪዮ ዴ ጃኔሮና የሳኦ ፓውሎ የኳስ ሹማምንት በኮሚቴ ወንበር ተጣልተው፣ የሳኦ ፓውሎዎቹ ተጫዋቾቻቸውን ከለከሉ። ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው እንደሚባለው ሆነና፣ ነብሩ የዓለም ዋንጫን ሳያይ ቀረ። ብራዚልም ለዩጎዝላቪያ 2 ለ 1 ተሸንፋ ከመጀመሪያው ዙር ተመለሰች። በአንድ አገር ሰዎች መካከል የሚነሣ ቅናት ከባላጋራ ይልቅ እንደሚጎዳ እዚህ ላይ ይታያል።

ፓውሊስታኖ ኳስ ለደመወዝ መሆኑን ስለ ተቃወመ፣ በ1929 ዓ.ም. የእግር ኳስ ክፍሉን ዘጋ። ፍሪደንራይሽ በ1930 ዓ.ም. በተቋቋመው በሳኦ ፓውሎ ክለብ ገብቶ፣ በሚከተለው ዓመት ከጓደኞቹ ጋር የከተማውን ሻምፒዮና አገኘ። በ1932 ዓ.ም. የሳኦ ፓውሎ ሕዝብ ሕገ መንግሥት ይሰጠን ብሎ በጌቱሊዮ ቫርጋስ መንግሥት ላይ በተነሣ ጊዜ፣ ፍሪደንራይሽ በ40 ዓመቱ ከስፖርተኞች ጋር ዘመተ፤ የመቶ አለቃም ማዕረግ አገኘ። ለጦርነቱ ወርቅ ሲሰበሰብ ያገኛቸውን ዋንጫዎችና ሜዳልያዎች እንደ ሰጠ ይነገራል። ጦርነቱ በሦስት ወር ውስጥ በሽንፈት አለቀ።

ለተጫዋቾች በይፋ ደመወዝ መክፈል በብራዚል የተጀመረው በ1933 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ያ ሁሉ ገንዘብ ከጊዜ በኋላ ወደ ኳስ ሜዳ ሲፈስ፣ መንገዱን የጠረገው ሰው ጫማውን ለመስቀል ተቃርቦ ነበር። በ1935 ዓ.ም. በሪዮ ዴ ጃኔሮው ፍላሜንጎ ክለብ ጥቂት ጊዜ ተጫውቶ በ43 ዓመቱ ጨዋታ አቆመ። ከዚያ በኋላ በአንድ የመጠጥ ፋብሪካ ተቀጥሮ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ኖረ።

ስንት ግብ አገባ? እዚህ ላይ ታሪኩ ያሳዝናል። በመጀመሪያ አባቱ፣ ቆይቶም አንድ የክለብ ጓደኛው ግቦቹን በደብተር ይመዘግቡለት እንደ ነበር ይተረካል። ደብተሮቹ ግን ጠፉ። አንዳንዶች 1,239 ነው ሲሉ ሌሎች ቁጥሩን አገላብጠው 1,329 ብለው ጻፉ፤ ይህም ቁጥር በዓለም ዙሪያ ተሠራጨ። ከብዙ ዘመን በኋላ የቆዩ ጋዜጦችን አንድ በአንድ የመረመሩ ሰዎች ግን ማረጋገጥ የቻሉት ከ550 ጥቂት የሚበልጥ ግብ ነው፤ ይኸውም በዚያው ልክ በሚሆን ግጥሚያ ነው። በየግጥሚያው አንድ ግብ ማለት ይህም ቢሆን እጅግ የሚያስደንቅ ነው፤ ማጋነን አያስፈልገውም ነበር። ደብተሩ በመጥፋቱ ግን እውነተኛው ሥራው እንኳ በተረት መካከል ተደባልቆ የሚጠራጠሩት ሆነ።

ፍሪደንራይሽ በ1969 ዓ.ም. መስከረም 6 ቀን በተወለደበት በሳኦ ፓውሎ ከተማ በ77 ዓመቱ ሞተ። በስተርጅናው የማስታወስ ችሎታው እንደ ደከመ፣ ሀብትም እንዳላተረፈ ይነገራል። ከሞተ ከ74 ቀን በኋላ፣ በዚያው ዓመት ኅዳር 19 ቀን፣ ፔሌ ሺኛ ግቡን አገባ። በዚያ ሌሊት ዓለም በሙሉ የጥቁር ብራዚላዊን ስም እየጠራ ተደሰተ። ፔሌ ወደ ሜዳ ሲገባ ጠጉሩን በትኩስ ፎጣ አልጠመጠመም። በሁለቱ ሰዎች መካከል ያለውን ልዩነት በዚህ እንለካዋለን፤ ልዩነቱንም ካመጡት ሰዎች አንዱ መጀመሪያው ሰው ራሱ ነው።

ጽሑፋችንን ከመፈጸማችን በፊት ስለ ራሳችን አንድ ቃል እንናገር። ይህን ታሪክ ስንጽፍ፣ የትምህርት ቤታችን ቡድን ባለፉት ዓመታት ስንት ግብ እንዳገባ ለማወቅ ፈልገን ነበር። የሚናገር እንጂ የጻፈ ሰው አላገኘንም። አንዱ አምስት ሲል ሌላው ዘጠኝ ይላል፤ ካገቡት ልጆችም የአንዳንዶቹ ስም ተረስቷል። ስለዚህ እኛ የዚህ ዓመት ተመራቂዎች ከመለየታችን በፊት አንድ ወፍራም ደብተር ገዝተን፣ የዘንድሮውን ግጥሚያ ሁሉ፣ ግብ ያገቡትንም ያቀበሉትንም፣ የበረኛውንም ስም ጭምር በቀለም ጽፈን ለስፖርት ክፍሉ አስረክበናል። ከኋላችን የምትመጡ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን እንድትቀጥሉበት አደራ እንላለን። ማንም ልጅ በመልኩ ወይም በወላጆቹ ሥራ ምክንያት ከቡድኑ እንዳይቀር፣ የሠራውም ሥራ ሳይጻፍለት እንዳይቀር እንመኛለን።